አሮጌ ሃይሉክስ ለሐረጎ መንገድ፦ በግቢ ውስጥ የሚሠራ ጥገና

ከደሴ ተነስቶ በሐረጎ ቁልቁለት በኩል ኮምቦልቻ ለመድረስ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህች አጭር መንገድ መኪናው ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ሲመለስ ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭኖ ያንኑ ይወጣል። ቁልቁለቱ ፍሬኑን፣ ዳገቱ ማቀዝቀዣውን ይፈትናል። የጥቅምትና የኅዳር ብርድ ሲገባ ደግሞ ጠዋት ጠዋት የካንዴላው (ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት የሚያሞቀው) እና የሞቶሪኖው (ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሳው) ተራ ነው። ሜዳ አገር ዓመት ሙሉ ተሸፋፍኖ የሚኖር ችግር እዚህ በሳምንት ይጋለጣል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለአሮጌው የናፍጣ ሃይሉክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 እስከ 1997 የተመረተውና ቀጥሎ የመጣው፣ 3ኤል (2.8 ሊትር) ወይም 5ኤል (3.0 ሊትር) ሞተር ያለው፣ ቱርቦ የሌለው። ሌላ ፒክአፕ ያላችሁም ቅደም ተከተሉን መከተል ትችላላችሁ፤ ቁጥሮቹን ግን ከራሳችሁ መኪና መጽሐፍ ውሰዱ። አካሄዱ ከርካሹ ወደ ውዱ ነው። የራዲያተር ክዳን ሳይፈተሽ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፤ ሁለት የመዳብ ቁራጭ ሳይታይ ሙሉ ሞቶሪኖ ይገዛል። ገንዘቡ የሚያልቀው እዚያ ላይ ነው።

ክሪክ ከመግባቱ በፊት

የደሴ ግቢ ለጥ ያለ ቦታ አይበዛበትም። አንድ የኋላ ጎማ በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ ማርሽ ማስገባት መኪናውን አይዘውም፤ የተነሳው ጎማ በዲፈረንሻሉ (ለሁለቱ ጎማዎች ጉልበት በሚያካፍለው ማርሽ) በኩል በነፃ ስለሚዞር መሬት ላይ ያለው ይንከባለላል። የእጅ ፍሬን ደግሞ ታምቡሮ (የኋላ ጎማ ፍሬን ክብ ሽፋን) ለማውጣት መለቀቁ የግድ ነው። ስለዚህ የፊት ጎማዎችን ከፊትም ከኋላም በድንጋይ ወይም በእንጨት ሽብልቅ ያዙ። ከሥር የሚገባ ሰው ካለ መኪናው ክሪክ ላይ አይቆይም። የብረት መቆሚያ ከሌለ ወፍራም ጣውላ መስቀለኛ እየተደረደረ ይቆማል። ብሎኬት ግን በፍጹም አይሆንም፤ ሳያስጠነቅቅ ፍርክስክስ ይላል።

ከተለመደው የቁልፍ ስብስብ ሌላ መልቲሜትር፣ ባለ 12 ቮልት አምፖል ከሁለት ሽቦ ጋር፣ አንድ ሜትር ብርሃን የሚያሳልፍ ቀጭን ላስቲክ ቱቦና የግሪስ ጠመንጃ ያስፈልጋሉ። ባለ አራት ጎማ ጎታች ከሆነ ለፊት ሞዞ (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) 54 ቁጥር ቡሽ ቁልፍ ይኑራችሁ። ያንን ዳዶ በመሮና በመዶሻ እየመቱ ማዞር ጠርዙን ይበላዋል፤ የኩሽኔታውንም (ጎማው የሚሽከረከርበትን) ልክ ለመስጠት አያስችልም።

ሁለቱ ቺንጋዎች

በእነዚህ ሞተሮች ላይ ሁለት ተመሳሳይ ቺንጋዎች (የላስቲክ ቀበቶዎች) ጎን ለጎን ሆነው ዲናሞውንና የውሃውን ፖምፓ ያዞራሉ። ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ የፍሬኑን ሰርቮ (የእግርን ጉልበት የሚያበዛውን) የሚያግዘው የቫኪዩም ፖምፓ ከዲናሞው ጀርባ ተያይዞ መሠራቱን ነው። ቁልቁለት ላይ ሁለቱም ቺንጋዎች ቢበጠሱ የባትሪ መብራት ይበራል፣ ውሃው መፍላት ይጀምራል፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ፍሬን ከተረገጠ በኋላም ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ፍሬኑ አልጠፋም፤ ግን በእግር ጉልበት ብቻ ነው የሚይዘው።

ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ የቺንጋውን የውስጥ ጎን ገልብጣችሁ እዩ። ስንጥቅ፣ የተላጠ ክር ወይም እንደ መስታወት የሚያበራ ጎን ካለ ሁለቱንም አንድ ላይ ቀይሩ፤ አንድ አዲስ ከአንድ አሮጌ ጋር ሲገጠም ሸክሙ ሁሉ አዲሱ ላይ ያርፋል። መሃሉን በአውራ ጣት ጠንከር አድርጋችሁ ስትጫኑት አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ከልክ በላይ የተወጠረ የፖምፓውን ኩሽኔታ ይበላል። አዲስ ቺንጋ ከጥቂት ቀን በኋላ ስለሚረግብ ደግማችሁ ወጥሩት። ዲናሞ ስትቀይሩ ከኋላው የቫኪዩም ፖምፓና የዘይት ቱቦ መቀበያ ያለው መሆኑን ሱቁ ላይ አረጋግጡ።

ሲፈላ፦ መጀመሪያ ክዳኑን

ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ኮምቦልቻ ላይ 94 አካባቢ ነው። ሞተሩ ዳገት ላይ በጤናው የሚሠራበት ሙቀት ደግሞ ከዚሁ ብዙ አይርቅም። ውሃውን ከመፍላት የሚጠብቀው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ክዳን በደህና ከያዘ የመፍያው ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ክዳኑ የደከመ መኪና አሰብ ወርዶ ላይፈላ ይችላል፤ ሐረጎ ላይ ግን ያፏጫል።

ክዳኑን ቀዝቅዞ ሳለ አውጡት። የታችኛው ላስቲክ ከደረቀ ወይም የራዲያተሩ አፍ ቅርጽ በጥልቀት ከታተመበት፣ መሃል ያለችው ትንሽ ቫልቭ በጥፍር ተስባ ካልተመለሰች፣ ክዳኑ ይቀየር። የተጻፈበት ቁጥር ከቀድሞው ጋር አንድ ይሁን። ከፍ ያለ ቁጥር መግጠም ያረጀውን ማኒኮቶ (የውሃውን ላስቲክ ቱቦ) እና የራዲያተሩን ብየዳ ያፈነዳል።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው)። አውጥታችሁ በክር አንጠልጥላችሁ ድስት ውስጥ አፍሉት፤ ክሩም ሆነ ቴርሞስታቱ የድስቱን ታች አይንኩ። እዚህ ላይ ከፍታው ያሳስታል። 82 የተጻፈበት ቴርሞስታት መከፈት የሚጀምረው 82 ዲግሪ ላይ ሲሆን ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው 95 አካባቢ ነው። የደሴ ውሃ 92 ላይ ስለሚፈላ ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ታያላችሁ፤ ያ ጤነኛ ነው። 88 የተጻፈበት ከሆነ እዚያ ድስት ውስጥ ትንሽ ብቻ ይላቀቃል። ውሃው እየፈላም ጨርሶ ያልተነቃነቀ፣ ወይም ቀዝቅዞም ክፍት የቀረ፣ ይጣል። ቴርሞስታቱን አውጥቶ ባዶ መንዳት መፍትሔ አይደለም፦ ሞተሩ ደሴ ጠዋት ላይ ሳይሞቅ ይውላል፣ ናፍጣ ይበላል፣ ዘይቱም ይቆሽሻል። ስትገጥሙት ጠርዙ ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ጉጥ ካለችው ወደ ላይ ትሁን፤ አየር የሚወጣው በእሷ በኩል ነው።

ከዚያ ማራገቢያው። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ ቁልፉን ነቅላችሁ ማራገቢያውን በእጅ ግፉት። ትንሽ እየታገለ መቆም አለበት። እንደ መጫወቻ ብዙ ዙር በነፃ ከዞረ ውስጡ ያለው የሲሊኮን ዘይት አልቋል። የራዲያተሩን ክንፎች ከሞተሩ በኩል ወደ ፊት በውሃ እጠቡ፤ ኃይለኛ የመኪና ማጠቢያ ግፊት ክንፎቹን ስለሚያጥፍ የቧንቧ ውሃ ይበቃል። ስትሞሉ ንጹሕ ውሃና ማቀዝቀዣ ፈሳሽ እኩል በእኩል ቀላቅሉ። ደሴ የራዲያተርን ውሃ በረዶ የሚያደርግ ብርድ የለም ብሎ ባዶ ውሃ መጠቀም የተለመደ ነው፤ ፈሳሹ ግን ዋና ሥራው እዚህ ዝገትን መከላከል ነው።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ከፈላ፣ ያን ጊዜ የቴስታታ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለው ማሸጊያ) ይጠረጠራል። ጠዋት ቀዝቃዛውን ሞተር ክዳኑ ተከፍቶ አስነሱ። አየሩ ከወጣ በኋላም የማያቋርጥ አረፋ ከመጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ ከተነሳ ከሁለት ደቂቃ በኋላ ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው ማኒኮቶ ተወጥሮ ከጠነከረ፣ የሲሊንደር ጋዝ ውሃ ውስጥ እየገባ ነው። የዘይት ክዳን ሥር ማኪያቶ የመሰለ ነገር ካለ ሞተሩን አታስነሱ። ቴስታታው ሲወርድ ፊቱ ለጥ ያለ መሆኑ ብቻ ሳይሆን በቫልቮላዎቹ (በቫልቮቹ) መካከል መሰንጠቁም ይመርመር፤ የዚህ ሞተር ቴስታታ ደጋግሞ ከፈላ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው።

ፍሬን

የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 205 ዲግሪ ድረስ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ይህን ያህል ሙቀት ይደርሳል፤ ዘይቱ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር፤ የሻይ ቀለም ይዞ ከሆነ ዓመቱን አትጠብቁ።

የኋላውን ታምቡሮ ስትከፍቱ አንዱን ጎን ጨርሳችሁ ሌላውን ጀምሩ። ስፕሪንጎቹ የትኛው የት እንደሚገባ የሚነግራችሁ ያልተፈታው ጎን ነው። ታምቡሮው አልወጣ ካለ በመዶሻ ጠርዙን አትምቱት፤ ፊቱ ላይ ሁለት የተጠረበ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በሁለቱም አስገብታችሁ ተራ በተራ ግማሽ ዙር ስታጠብቁ ራሱ ይገፋል። አሁንም ከተያዘ ሸራው (ታምቡሮውን ከውስጥ ተጭኖ የሚያቆመው) ጠርዝ ሠርቶ ይዞት ነው፤ ከኋላ በኩል ባለው ቀዳዳ የጥርሱን ማስተካከያ መልሱት።

ብናኙን በአፍም በኮምፕረሰርም አትንፉ፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል። በውሃና በኦሞ አርጥባችሁ እጠቡ። ከዚያ የጎማውን ሲሊንደር የላስቲክ ቆብ በካቻቪቴ ጫፍ ትንሽ ገልጣችሁ እዩ፤ እርጥብ ከሆነ እያፈሰሰ ነው። ፈሳሹ ወፍራምና የሚሸት ከሆነ ደግሞ የፍሬን ዘይት ሳይሆን የዲፈረንሻል ዘይት ነው። ያኔ ፓራኦሊዮ (የዘይት ማገጃውን ጎማ) ከመቀየራችሁ በፊት አክስሉ ላይ ያለችውን የመተንፈሻ ቆብ አጽዱ። በጭቃ ስትደፈን ዘይቱ ሲሞቅ የሚፈጠረው ግፊት መውጫ አጥቶ አዲሱንም ፓራኦሊዮ ይገፋዋል። በዘይት የራሰ ሸራ ታጥቦ አይድንም። የኋላ ሸራ 1 ሚሊ ሜትር ከደረሰ አልቋል፤ የፊቱ ግን 3 ሲቀረው መቀየር ለዚህ መንገድ የተሻለ ነው። የታምቡሮው የመጨረሻ ስፋት በራሱ ላይ ተጽፏል፤ ከዚያ ካለፈ መላግ አይቻልም።

አየር ለማስወጣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል። የግራ መሪ መኪና ላይ ከሩቁ ይጀመራል፦

1. የኋላ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የፊት ቀኝ፣ የፊት ግራ።
2. ቱቦውን የአየር ማውጫ ቡሎኑ ላይ ሰክታችሁ ሌላውን ጫፍ ትንሽ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ።
3. ረዳቱ ፔዳሉን ቀስ ብሎ ሦስት ጊዜ ረግጦ ይያዝ። ቡሎኑን ሩብ ዙር ክፈቱ፤ ፔዳሉ ወርዶ ሳይለቀቅ ዝጉ። ክፍት እያለ ከተለቀቀ አየር ተመልሶ ይገባል።
4. አረፋ ጠፍቶ አዲሱ ዘይት ጥርት ብሎ እስኪመጣ ድገሙ። በየአምስት ርግጫ የላይኛውን ዕቃ ሙሉ፤ አንዴ ከጎደለ ሥራው ከ1 ይጀመራል።
5. በመጨረሻ ከኋላ አክስሉ ፊት ለፊት ሻንሲው ላይ ያለውን የጭነት ቫልቭ ማውጫ።

ይህ የጭነት ቫልቭ ብቻውን አንድ ጣጣ ነው። ከአክስሉ ጋር በዘንግ ተያይዞ መኪናው ጭኖ ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት፣ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ትንሽ ግፊት ይሰጣል። እኛ አገር ባሌስትራ (ጭነቱን የሚሸከሙ የተደራረቡ ብረቶች) መጨመር የተለመደ ነው። ኋላው ከፍ ሲል ቫልቩ ጭነት የለም ብሎ ያምናል፤ መኪናው አሥር ኩንታል ጭኖ እያለ የኋላ ፍሬኑን ይቀንሳል፣ ሸክሙም የፊቱ ላይ ይወድቃል። የፊት ዲስክ ሰማያዊ እየሆነ፣ የኋላ ሸራ ደግሞ ዓመት እየቆየ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ባሌስትራ ከተጨመረ የዘንጉ ልክ አብሮ መስተካከል አለበት።

ሰርቮውን ለመፈተሽ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ረግጣችሁ ያዙና አስነሱ። ፔዳሉ ከእግራችሁ ሥር ትንሽ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ይዛችሁት ሳለ ቀስ እያለ ወለሉ ድረስ ከወረደና ውጭ ምንም ፍሳሽ ከሌለ ዋናው የፍሬን ፖምፓ ከውስጥ ያሳልፋል።

ጠዋት እምቢ ሲል

አንድ ጊዜ "ቀጭ" ብሎ ዝም ካለ ባትሪውን ለኩ። 12.6 ቮልት ሙሉ ነው፤ ከ12.2 በታች ከሆነ ባትሪው ይሞላ። ቁልፉ ተይዞ ሲዞር ከ9.6 በታች የሚወድቅ ባትሪ ለብርድ አይሆንም። ባትሪው ጤነኛ ሆኖ "ቀጭ" ብቻ የሚል ከሆነ ጉዳዩ ብዙውን ጊዜ ሞቶሪኖው ውስጥ ያሉ ሁለት የመዳብ ንክኪዎች ናቸው።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍቱና ሞቶሪኖውን አውርዱ። ከኋላ ያለው ክብ ክዳን በሦስት ትንንሽ ቡሎኖች ተይዟል። ሲከፈት ዘንጉ ላይ ያለች የመዳብ ሳህንና ግራና ቀኝ ሁለት ኤል ቅርጽ ያላቸው መዳቦች ይታያሉ። አንዱ ከሌላው በጣም ተበልቶ ታገኙታላችሁ፤ ሳህኑ ሁለቱን እኩል መንካት ስለማይችል ኤሌክትሪኩ አያልፍም። ሁለቱንም ቀይሩ፤ ዳዶውን ከማጥበቃችሁ በፊት ሳህኑን በጣት ተጭናችሁ ሁለቱን እኩል መንካቱን አረጋግጡ። ሥራው አንድ ሰዓት አይፈጅም።

ሞተሩ በደንብ እየዞረ ነጭ ጭስ ብቻ እያወጣ ካልተነሳ ማሞቂያ ካንዴላዎቹን ፈትሹ። አራቱን የሚያገናኘውን የብረት ዘንግ ፍቱ፤ ዳዶዎቹ ትንንሽ ስለሆኑ የሚወድቁበት ሥር ጨርቅ አንጥፉ። የአምፖሉን አንድ ሽቦ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከእያንዳንዱ ካንዴላ ጫፍ ጋር አነካኩ። ያልበራበት ካንዴላ ሞቷል። አራቱም ከበራባቸው ቁልፉን ከፍታችሁ ዘንጉ ላይ ኤሌክትሪክ መድረሱን ለኩ፤ ካልደረሰ ሪሌው (ኤሌክትሪኩን የሚልክላቸው ማብሪያ) ነው። ካንዴላ የሚፈታው ሞተሩ ሞቅ ብሎ ሳለ ነው፤ በቀዝቃዛው ከተሰበረ ቴስታታ ያስወርዳል። ቤንዚን የነከረ ጨርቅ በአየር ማስገቢያው ላይ መያዝ ደግሞ ካንዴላው ከጋለ እሳቱን ወደ እጃችሁ ይመልሰዋል።

አንድ ሌሊት ዳገት ላይ ቆሞ ብቻ የሚያስቸግር ከሆነ ካንዴላውን ተዉት፤ ናፍጣው ወደ ኋላ እየተመለሰ አየር ገብቷል። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው መስመር ላይ ያችን ብርሃን የምታሳልፍ ቱቦ ለጊዜው ግጠሙ። አረፋ ካለፈ የእጅ ፖምፓውን ላስቲክ፣ የቱቦ ማጥበቂያዎችንና ከኖዝሎቹ (ናፍጣውን ወደ ሞተሩ ከሚረጩት) ላይ የምትመለሰውን ቀጭን ጎማ በየተራ ፈትሹ።

ናፍጣ፣ አየርና ጥቁር ጭስ

በጀሪካን የተገዛ ናፍጣ አንድ ሌሊት ይቀመጥ፤ የታችኛው ሁለት ጣት ያህል አይቀዳ። ውሃና ዝቃጭ እዚያ ነው። ከፊልትሮው ሥር ያለችውን ማፍሰሻ በየሳምንቱ ጥቂት ዙር ላሉና ከላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ እየተጫናችሁ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ አፍስሱ። ፊልትሮው በየ10,000 ኪሎ ሜትር ይቀየር።

በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው መጠን ያጣል። ዳገት ላይ ጭኖ ትንሽ ጥቁር ጭስ ማውጣቱ ሁልጊዜ ብልሽት አይደለም። ከበዛ ግን መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን እዩ፤ በአቧራማ መንገድ የሚመላለስ መኪና ላይ በሁለት ሳምንት ይደፈናል። ከዚያ የቫልቮላ ልክ (በቀዝቃዛው ማስገቢያ ከ0.20 እስከ 0.30፣ ማስወጫ ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊ ሜትር)፣ ከዚያ ኖዝል። ጉልበት ይጨምራል ተብሎ የፖምፓውን የናፍጣ መጠን ቡሎን ማስከፈት ግን በሌለ አየር ላይ ናፍጣ መጨመር ነው። ጭሱና ሙቀቱ ይጨምራል፤ ዋጋውን የሚከፍለው ቴስታታው ነው።

ዘይቶችና ከሥር ያለው

ለሞተሩ 15 ደብሊው 40፣ በየ5,000 ኪሎ ሜትር፣ ከፊልትሮው ጋር። 6 ሊትር ገዝታችሁ 5ቱን ጨምሩ፤ የቀረውን በመለኪያው እያያችሁ። ዘይቱ በማግስቱ መጥቆሩ አያስደንግጣችሁ፤ የእነዚህ ሞተሮች ጠባይ ነው። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) እና ዲፈረንሻል ላይ ሁልጊዜ መጀመሪያ የመሙያውን ታፖ (መክደኛ) ፍቱ። ዘይቱን አፍስሳችሁ መሙያው አልፈታ ካለ መኪናው ባለበት ይቀራል። ለካምቢዮ ጂኤል 4፣ ለዲፈረንሻል ጂኤል 5 ነው።

ክሮቼራዎቹን (የማዞሪያ ዘንጉን መታጠፊያዎች) አዲስ ግሪስ በአራቱም ጎን እስኪወጣ ሙሉ፤ የሚንሸራተተውን የዘንግ ክፍል ግን ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ። ከሞላ መሰብሰብ ስለማይችል ካምቢዮውን ይገፋዋል። ኮብልስቶን ላይ የሚውል መኪና የባሌስትራ ማሰሪያ ዳዶዎች ይላላሉ፤ ከላሉ የመሃሉ ቡሎን ተቆርጦ አክስሉ ይሸሻል። አዲስ ማሰሪያ ከተገጠመ ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ በመስቀለኛ ደግማችሁ አጥብቁ። የጎማ ዳዶ 110 ኒውተን ሜትር ነው።

የሞተሩ የውስጥ ጥርስ ያለው ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ዳሽቦርድ ላይ ለዚሁ የሚበራ መብራት አለ፤ ግን ከዚህ በፊት የነበረው ባለቤት ቺንጋውን ሳይቀይር መብራቱን ብቻ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል። ማስረጃ ከሌለ እንዳልተቀየረ ቁጠሩት፤ ሲበጠስ ቫልቮላና ፒስቶን ይጋጫሉ። ከገጠማችሁ በኋላ ሞቶሪኖ ሳትነኩ ኮሎውን (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን ዋና ዘንግ) በቁልፍ ሁለት ሙሉ ዙር በእጅ አዙሩና ምልክቶቹ መግጠማቸውን ደግማችሁ እዩ። መሃል ላይ ጠንካራ ነገር ከያዘው አታስገድዱት፤ ጥርስ ስታችኋል።

ከፍሬን ሥራ በኋላ የመጀመሪያው ሐረጎ

ባዶውን ውረዱ። ዳገቱን በምትወጡበት ማርሽ ነው የሚወረደው፤ ዜሮ ማርሽ የለም። ፍሬኑን አጠር አድርጋችሁ ጠንከር ባለ ርግጫ ያዙና ልቀቁት፤ በቀስታ እየጎተቱ መውረድ ሸራውን ያቃጥላል። ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ስትደርሱ ጥግ ይዛችሁ ሽብልቅ አድርጉና መዳፋችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፤ አትንኩት። ግራና ቀኝ ተቀራራቢ መሞቅ አለባቸው። አንዱ ከጓደኛው በጣም ከበለጠ ሸራው አልለቀቀም ወይም ኩሽኔታው ከልክ በላይ ጠብቋል፤ አንዱ ደግሞ ቀዝቃዛ ከሆነ እሱ ጎማ ላይ ፍሬኑ አልሠራም፤ ደሴ ከመመለሳችሁ በፊት እዚያው ይከፈት።